ግድግዳ ውስጥ የከረመችው አሻንጉሊት

ዘንድሮ የልጅነት መጫወቻዎቻችንን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። የወንድሜን የሽቦ መኪና ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤ ብይ ደግሞ የጎረቤት ልጆች አመጡልኝ። ካርቶኔ ሞልቷል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈልገው አንዲት አሻንጉሊት ነበር። አምስት ዓመቴ ላይ እማዬ ከአሮጌ ሻርፕ ሰፍታ፣ ከእንሰት ቃጫ ፀጉር የሠራችላት። ስጠይቃት ሁልጊዜ «እኔ እንጃ፣ ጠፍታ ይሆናል» ትለኛለች።

ወልቂጤ ያለው የጭቃ ቤታችን መስቀል ሲደርስ ይለሰናል። እኔ የኩሽናውን አሮጌ ጭቃ ስፍቅ፣ ከአንድ ቀዳዳ ቃጫ ብቅ አለ። እንዳትቀደድብኝ ዙሪያዋን በማንኪያ እየቆፈርኩ ቀስ ብዬ ሳብኳት። አንድ እጇ የለም፤ ፀጉሯም ተመልጧል። ግን እሷው ናት!

«እማዬ! ልጄን ግድግዳ ውስጥ ቀበርሻት?»

እማዬ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «ምን ላድርግ? አይጥ አላስቀምጥ ሲለኝ ያገኘሁትን ወተፍኩ። አንቺም ትምህርት ቤት ገብተሽ ረስተሻት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠፍታለች አልሽኝ?»

«በምን አፌ ልንገርሽ!»

ታጥባ ገባችና ነጭ ቃጫ ይዛ ወጣች። ልስኑን ትተን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ፀጉሩን ሰፋች፣ እኔ ሹሩባ ሠራሁ።

ስንጨርስ «በይ አሁን ለቀዳዳው ሌላ ነገር ፈልጊ» አለችኝ።

ሮጬ የአምናውን የሒሳብ ደብተሬን አመጣሁላት።