እናቴ መቆጠብ የተከለከለችበት ወር

እናቴን ገንዘቧን እንድታጠፋ የለመንኳት በስደት አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ፣ የአረጋውያን አፓርትመንት በምትኖርበት ጊዜ ነው። መንግሥት ገቢ ለሌላቸው ሽማግሌዎች በየወሩ የሚሰጠውን ድጎማ ትቀበል ነበር። ሌላው ሰው በዚያች ገንዘብ ወሩን መዝለቅ ያቅተዋል፤ እናቴ ግን ከሕንጻው እናቶች ጋር እቁብ ገባችባት።

እቁቡ ሲደርሳት እንደ ልማዷ ፍራሽ ሥር መደበቋን ትታ፣ እንደ ሠለጠነ ሰው ባንክ ወስዳ አስገባችው። ገንዘብ ተቀባይዋ ከረሜላ ሰጠቻት፤ እናቴም ሹመት ያገኘች ያህል ኮራች። ብዙም ሳይቆይ ጉዳይዋን የምትከታተለው ኬዝ ወርከር በታጣፊዋ ስልኬ ደወለች። ድጎማ የሚቀበል ሰው ባንክ ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ሊኖረው አይችልም ኖሯል። ወሩ ሳያልቅ ትርፉን ካላጠፋችው ድጎማውም የሕክምና ካርዷም ይቋረጣል። እናቴ ስኳር አለባት፤ ያለ ካርዱ መድኃኒቱን የምንገዛበት አቅም አልነበረንም። እኔ ፈራሁ፣ እሷ ተናደደች።

“ሰው ሰርቆ ይቀጣል፤ እኔ ቆጥቤ?”

ሮዝቪል ገበያ ወሰድኳት። ካፖርት ለበሰች፣ አማረባት፣ ዋጋውን ስነግራት እሳት የነካት ይመስል አወለቀችው። ቴሌቪዥን እንግዛ ስላት “ያለኝ መቼ ተበላሸ?” አለችኝ። ደሜ ፈላ። ያን ቀን የገዛችው የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው፤ እሱንም ዕቃ መመለስ እንደሚቻል ስትሰማ በማግስቱ መለሰችው።

መላ ሲጠፋኝ ኬዝ ወርከሯ ጋ ደወልኩ። “የራሷን የመቃብር ቦታ ብትገዛ አይቆጠርባትም፤ ካርዷም አይነካም” አለችኝ። ይህን ለገዛ እናቴ በምን አፌ እነግራታለሁ? እንደምንም ነገርኳት። ፊቷ ፈካ።

“መሬት? በስሜ?”

መቃብር ቦታው ስንደርስ ሣሩን በጫማዋ ረገጥ ረገጥ አደረገች። ውኃ ይቋጥር እንደሆነ ሻጩን አስጠየቀችኝ። የጎረቤቶቿን ስም ከየድንጋዩ ላይ አስነበበችኝና ጥግ ላይ ያለውን መረጠች። ከዚያ ወደ መንገዱ አሻግራ አየች።

“አውቶቡስ እዚህ ድረስ ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ።”

ሳቄ አመለጠኝ። “እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ አውቶቡስ ምን ያደርግልሻል?”

“ለእኔ መቼ አልኩ? አንቺ በረዶ ላይ መንዳት ትፈሪያለሽ።”

እዚያው ሻጩ ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውዬው ዋጋው ያስለቀሰኝ መስሎት፣ ደንግጦ ቅናሽ አደርግላችኋለሁ አለ። ይህንን ስተረጉምላት እናቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ።

“አንጀቱን በልተሽዋል፤ ትንሽ ጨምሪ።”