የአባ ዲጋ ባነር

ባለፈው ሰሞን አንድ ቡና ነጋዴ ደንበኛዬ ለአዲሱ ማሸጊያ የሚሆኑ ፎቶዎች በቴሌግራም ላከልኝ። ሁሉም የለመድኳቸው ዓይነት ነበሩ፤ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ቅርጫት፣ ሳቁ የተባሉ ለቃሚዎች። አንዱ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ከተደረደሩ ጆንያዎች ጀርባ፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ አሮጌ ባነር ተወጥሯል። ቀለሙ ለቋል፤ የታችኛውን ግማሽ በከፊል ጆንያ ሸፍኖታል። ቢሆንም አወቅሁት። ሰው በወጣትነቱ የሠራውን አስቀያሚ ሥራ የትም ቢያየው አይስተውም።

ያኔ ጅማ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። የሐምሌ ዝናብ አያባራም፤ ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ስለሚያልፉ የሱቁን መስታወት መወልወል ሥራዬ ሆኖ ነበር። የምረቃ ሰሞን ከተማው ባነር ያሠራል፦ የተመራቂው ፎቶ፣ የደስታ መግለጫ፣ ከግርጌው የቤተሰቡ ስም። እኔም የማላውቀውን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ስል እውላለሁ። የራሴም ምረቃ ደርሶ ነበር፤ የሚመጣልኝ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ የለም፤ እናቴ ደብረ ማርቆስ ወገቧን ታማ ተኝታለች። ለክፍል ጓደኞቼ «መንገድ ላይ ናቸው» እያልኩ እዋሻለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻዬን ቆሜ እንዳልታይ በጣም ፈርቼ ነበር።

አባ ዲጋ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰቃ መጡ። ኮፍያቸው ነጭ፣ ኮታቸው የረጠበ፣ እጃቸው ላይ ጥቁር ፌስታል። ልጃቸው ሐሊማ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ትመረቃለች፤ ከቤታቸው ፊደል ቆጥሮ እዚህ የደረሰ ሌላ የለም። አማርኛቸው ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ሲቸግረን የማተሚያ ማሽኑን የምታሠራው ራህመት መሀላችን ትገባለች።

የመጀመሪያውን ንድፍ በኩራት አሳየኋቸው። የሐሊማ ፎቶ በግራ፣ አንዲት አጭር መስመር፣ የቀረው ነጭ። ባዶ ቦታ ለዓይን ዕረፍት ነው ተብዬ የተማርኩትን በሙሉ እዚያ ላይ አፍስሼዋለሁ። አባ ዲጋ በጣታቸው ስክሪኑን ነካ አደረጉ።

«ይሄ ባዶው ምንድነው?»

«ዕረፍት ነው አባ፣ ዓይን እንዳይደክም።»

«ላኪ! አይሆንም። እኛ ሰው የለንም እንዴ? አገር ያየዋል እኮ፣ አንተ ጉርባ። ልጅቷ ብቻዋን ነው ያደገችው ይላል።»

ከዚያ ስም ይጠሩልኝ ጀመር። እያንዳንዱ ስም ጉዳዩን ይዞ ነው የሚመጣው። ነስሩ በክረምት ወንዝ ያሻገራት ነው። ዘይነባ ዩኒፎርሟን የሰፋችላት ናት። አባ ቡልጉ ማጥኚያ ፋኖስ ያዋሷት ናቸው። እኔ እጽፋለሁ፣ ራህመት የኦሮምኛ አጻጻፌን ታርማለች፣ ፎቶው እያነሰ ይሄዳል። አለቀ ስንል አባ ዲጋ ሰቃ አድረው ይመለሳሉ፦ «አንዷን ረስቻት፣ ወላሂ ትቀየመኛለች!» በየመስመሩ እንከራከራለን። የፊደሉን ዓይነት እኔ አሸነፍኩ፤ ያን ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ እሳቸው አሸነፉ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም አልወደውም። መምጣታቸውን ግን መጠበቅ ጀምሬ ነበር። ከፌስታሉ አቮካዶ ያወጣሉ፣ ራህመት ከበር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ትገዛለች፣ ሦስታችን ኮምፒውተሩ ፊት እየበላን እንጨቃጨቃለን። በዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ያወራሁት እዚያች ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው።

በመጨረሻ በቀኝ በኩል ከግርጌ አንዲት ጥግ ተረፈች።

«እዚህስ?» አሉ።

«ሰው አለቀ እኮ አባ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ለምረቃህ የአንተ ሰዎች ይመጣሉ አይደል?»

ለእሳቸው መዋሸት አቃተኝ። «አይመጡም» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ስምህ ማነው?»

«አንዳርጌ።»

«እዚያ ጋ ጻፈው።»

«እኔ ዘመድ አይደለሁም እኮ።»

«አብረህ ደክመህ የለም እንዴ? ጻፍ!»

ራህመት ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል «ጻፈውና ይታተም፤ ባዶ እንደማይወዱ እያወቅህ» አለችኝ። ጻፍኩት።

በምረቃው ቀን ባነሩን ከሩቅ አየሁት፤ ያ አረንጓዴ መቼ ይደበቃል። የሰቃ ሰው ከሥሩ ተሰብስቧል፣ እልልታው ቀልጧል፣ አባ ዲጋ ሐሊማን አቅፈው በፎጣቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ከጠሩኝ እሄዳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰን በምን ይለዩኝ? ሄጄ አለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ፎቶ ተነሡ፣ ባነሩን ጠቀለሉት፣ ሚኒባስ ላይ ጭነውት ስሜን ይዘው ወደ ሰቃ ሄዱ። መንደራ ቆጪ ብቻዬን ፓስታ በላሁና ለእናቴ ደወልኩ። እንዴት ነበር ስትለኝ፣ ሰው ሞልቶ ነበር አልኳት። በማግስቱ ጅማን ለቀቅሁ፤ ሰቃን በዓይኔ አላየሁትም።

ዛሬ አዲስ አበባ ንድፍ ላይ ባዶ ቦታ መተው ጥሩ ይከፈልበታል፤ ማታ የምገባበት ቤቴም ከዚያ ያልተናነሰ ጭር ያለ ነው። ፎቶውን አጎላሁት። የዘይነባን ስም ጆንያ ጋርዶታል፣ ከነስሩም ግማሹ ነው የሚታየው። የግርጌዋ የቀኝ ጥግ ግን ከጆንያዎቹ ውጭ ቀርታለች፤ ስሜ ደብዝዞም ይነበባል። ለደንበኛዬ ደወልኩ።

«ከጀርባ ያለው ባነር የማን ነው?»

«ውይ፣ ይቅርታ፣ እሱን አጥፋልኝ። ሰቃ፣ አባ ዲጋ የሚባሉ የአንድ ሽማግሌ መጋዘን ነው። አርጅቷል እንጣለው ሲሏቸው ዘመዶቼ ያሉበትን አታወርዱም ብለው እምቢ አሉ። ምነው? ሰቃ ዘመድ አለህ እንዴ?»

«አለኝ» አልኩት።