ዳይሬክተሩ ስለሚተኙበት ሰዓት የተጻፈ መጽሐፍ

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው አንገቷ ላይ በጫማ ክር ያንጠለጠለችው አጉሊ መነጽር ነው። የሁለተኛ ክፍል መምህሯ ያለ እሱ ከቤት አትወጣም። ሰፈርተኛው «እትዬ ማስረጃ» ይላታል። ምስኪኑ ባሏ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ካለ፣ «ስንቴ ቀምሰህ ነው?» ትለዋለች።

ተማሪዎቿ ተረት አይጽፉም፤ የእውነት መጽሐፍ ነው የሚጽፉት። አራት ገጽ፣ መሃሉ በመርፌ የተሰፋ። ሕጓ አጭር ነው፦ ራስህ ሦስቴ ካላየኸው አትጻፍ፤ ሰው ከነገረህ ደግሞ ማን እንዳለ ጻፍ። ስለ ሸረሪት ተጽፏል፤ ብርጭቆ ውስጥ ስለሚያድረው የአያት ጥርስ እንኳ ተጽፏል!

ያን ሰሞን ዳይሬክተሩ መጽሐፍ የሚጻፍበትን ክፍለ ጊዜዋን ወስደው ለሒሳብ ሊሰጡባት አሰቡ። «እስቲ ዓርብ መጥቼ ልየው» አሏት።

ዓርብ ጧት መጻሕፍቱን ገመድ ላይ ስትሰቅል አንዱ እጇ ላይ ቀረ። «ዳይሬክተራችን ከምሳ በኋላ ይተኛሉ» ይላል። የጻፈችው ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ለፍላፊ ተማሪ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስጨርሺኝ ነው?»

«ሦስቴ አይቻለሁ ቲቸር! በመስኮት። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ረቡዕ መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር አልጻፍኩም።»

መምህሯ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ልትወሽቀው ነበር። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። እንዲያ ስትታይ አላስችል አላትና ከሌሎቹ ጋር ሰቀለችው።

ሠላሳ መጽሐፍ ተሰቅሎ ሳለ፣ የዳይሬክተሩ እጅ በቀጥታ እሱ ላይ አረፈ። አንብበው ሲጨርሱ ላብ ላብ አላቸው።

«ማክሰኞ እንኳ ራሴን አሞኝ ጋደም ብዬ ነው» አሉ።

ልጅቷ እርሳሷን አወጣች። «እሺ ጋሼ፣ ‹ራሴን አሞኝ ነው ብለዋል› ብዬ ልጨምር። ሰኞና ሐሙስስ?»

መምህሯ ክፍለ ጊዜዋ ከእጇ ሲያመልጥ ታያት። ዳይሬክተሩ ልጅቷን አዩ፤ እርሳሷንም አዩ።

«ሰኞና ሐሙስማ... እንቅልፌ መጥቶ ነው። እሱንም ጻፊ» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ወደ መምህሯም ዞረው፣ «ለሒሳቡ ሌላ ሰዓት እንፈልግለታለን። ይሄን አትንኪው» አሏት።

ማታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባልደረቦቿ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሏት፣ «አሳልፉኝ እባካችሁ፣ ሠላሳ መጽሐፍ አቅፌ ክንዴ ሊገነጠል ነው» ብላ ቁልቁለቱን ወረደች። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ትከሻዋ ከኋላ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር፤ ብቻዋን እየሳቀች ነው።