«ድምፁ አነሰ» ያሉኝ ሾፌር

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ከኋላ መቀመጫዋ ስር ትልቅ የቤዝ ስፒከር ተገጥሞላት ነበር። ዘፈኑ ምን እንደሚል አልለየሁትም። ከወገቤ ተነስቶ አከርካሪዬን እየነዘረ ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው የተሰማኝ። የሚነዳው ልጅ በመስታወቱ አየኝና ሽማግሌውን የረበሸ መስሎት ልቀንሰው ወይ ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት። ቤቴ በር ላይ ከደረስን በኋላም ወዲያው አልወረድኩም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ በዚያ ንዝረት ላይ ተሳፍሮ በወጣትነቴ የማውቃቸው ሾፌር፣ የኦቦ ዲንሳ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቶ ነበር።

ነቀምቴ የመጣሁት በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ የሃያዎቹን ዕድሜ እንደጀመርኩ ነው። አዲስ አበባ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ተምሬ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት የአጎቴ ወዳጅ የሆኑ ጋሽ በድሩ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ናና እኔ ዘንድ ሥራ አሉኝ። ከፊት ለፊት እሳቸው ክር፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና ካሴት ይሸጣሉ፤ ከኋላ በጣውላ በተከፈለችው ጓዳ እኔ ሽቦ በምበይድበት የሳልዳቶሬ ጭስ ውስጥ አቀርቅሬ እውላለሁ። ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ሰዉ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ያከብረኝ ነበር፤ ብቸኛ ያደረገኝ ግን ያው አክብሮቱ ይመስለኛል። ሬዲዮውን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እኔን ሲያይ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ይለውጥልኛል፣ የጎደለውን ይነግረኛል፣ ከዚያ ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ እየተጫወተና እየሳቀ ይወጣል። ሳቁ ከኔ ጋር ሆኖ አያውቅም። እኩያ የምለው ሰውም አልነበረኝም። ለውትድርና አፈሳ ነበርና ጎረምሶቹ ወይ ዘምተዋል ወይ ገጠር ዘመድ ቤት ገብተው ተሸሽገዋል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እግሬን ስለማነክስ ትተውኛል። ቀበሌ ሄጄ ያን እግር አሳይቼ ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን መንገዱ ላይ ካሉት አሮጊቶችና ሕፃናት ጋር የቀረሁ እኔ ብቻ መስሎ ይታየኝ ጀመር። ክረምቱ ደግሞ የወለጋ ክረምት ነው። ዝናቡ የተከራየኋትን ክፍል ቆርቆሮ መደብደብ ከጀመረ የራስን ሐሳብ እንኳ አያሰማም። እሑድ እሑድ ጋሽ በድሩ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤተሰባቸው ሲሄዱ፣ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ የማልፍበት ጊዜ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ የመጡት በሰኔ ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪናቸውን በር ላይ አቁመው በጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ ታቅፈው ገቡ። ከኡኬ በኩል በቆሎ፣ ከአገራቸው ከቢላ ደግሞ ቡና እየጫኑ ነቀምቴ የሚያራግፉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ትከሻቸው መሪ ከመያዝ ብዛት የጎበጠ ሾፌር ናቸው። ጆንያውን ሲፈቱት አሮጌ አምፕሊፋየርና ትሪ የሚያህል ስፒከር ወጣ። አዲስ አበባ ከሌላ ሾፌር የገዙት ነው። ቴፕ መኪናው ላይ እንዳላቸው፣ ድምፁ ግን እንዳነሰባቸው፣ ያ ማሽን ካጎላው እንድገጥምላቸው ነገሩኝ።

የጭነት መኪና ላይ አምፕሊፋየር መግጠም ማሰብ ይጠይቃል። ሁለቱ ባትሪዎች ተቀጣጥለው የሚሰጡት ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ማሽኑ የሚችለው ግን የዚያን ግማሽ ነው። ይህን ሳያውቅ የቀጠለ ሰው የሚያተርፈው ጭስ ነው። እኔ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ወሰድኩ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባሁ፣ የሻሲውን ቀለም ፍቄ ኔጋቲቩን አጥብቄ አሰርኩበት። ስፒከሩ ደግሞ ቤት ይፈልጋል፤ እንዲሁ ከተሰቀለ ቤዙ ተበትኖ ይቀራል። አናጢ ዘንድ ሄደን ከዋንዛ ጣውላ ሣጥን አሠራንለትና ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጥነው። ካሴት አስገብቼ ስከፍተው ጋቢናው በሙሉ ተነፈሰ። ኦቦ ዲንሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባቸውን መቀመጫው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ፣ አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያ ከተማ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ከአንድ ባትሪ ብቻ ስለምንወስድ ያ ባትሪ ቀድሞ ይደክማልና ሁለቱን ባትሪዎች ቦታ ማቀያየር ነበረብኝ፤ ሰበቡ ይኸው ነው። ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ባለቤታቸው አዴ በይሴ ቀቅለው በቅቤ ያሹትን አንጮቴ የሚባል ሥር በሳህን አስረው ይልካሉ፣ አንዳንዴም ማር ይኖራል። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አብረን እየበላን ኦሮምኛ ያስተምሩኛል። እኔ ቃሉን ስሰብረው እንደ ሌላው ሰው ቶሎ ወደ አማርኛ አይመልሱኝም። ዓይናቸውን ከአፌ ላይ ሳይነቅሉ፣ እስክጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁኛል፤ ቀስ በል፣ እንደገና በለው ይሉኛል። ሰው እንዲህ ሲያዳምጠኝ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ጆሮዬ የመኪናቸውን ድምፅ ከዳገቱ ጀምሮ መለየት ጀመረ።

ሐምሌ ሲጋመስ ድምፁ አነሰ አሉኝ። ፈተሽኩት፤ እውነትም ሻሲው ላይ ያሰርኩት ሽቦ በጭቃ ዝጎ ነበር። ጠረግሁት፣ ድምፁ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ሳምንት አነሰ አሉኝ። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል አጸዳሁ፣ ፊውዙን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካሁ። ምንም የለም። ከበሮው ደህና ነው፣ የጠፋው ዘፋኙ ነው ይሉኛል። ክራሩም ጠፍቷል። ቀጭኑ ድምፅ ካልወጣ ችግሩ ስፒከሩ ላይ ነው ብዬ ጓዳዬ ያለውን፣ ደህንነቱን የማውቀውን ስፒከር አውጥቼ ቀጠልኩላቸው። ዘፋኙ መንገዱን ሞላው። ጋሽ በድሩ ከባንኮኒያቸው ብቅ ብለው ቀንሱት እንጂ፣ ቀበሌ ሊያስጠሩብኝ ነው ወይ አሉ። ኦቦ ዲንሳ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ያው ነው አሉኝ፤ ከበሮው ብቻ ነው።

ቴፑን አጠፋሁት። እሳቸው መሪያቸውን ይዘው ወደ ፊት እያዩ ነው። ከጎናቸው ሆኜ፣ በተለመደው ድምፄ፣ ኦቦ ዲንሳ አልኩ። አልዞሩም። ደገምኩት። ዝናብ እንኳ አልነበረም።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ሁለት ነበር። አንዱ የጆሮአቸው ነገር ነው። ሌላውን ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል፦ አፌን አፌን የሚያዩት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ለኔ ብቻ የተሰጠ የመሰለኝ ያ ማዳመጥ፣ ለካ የሚያዩት ከንፈር ስላስፈለጋቸው ነበር። ካቻቢቴዬን የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ፣ አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር፣ አሁን አጠበቅኩት አልኳቸው። ሄዱ። እኔም ጓዳዬ ገብቼ የሰው ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ መግጠም አቃተኝ።

ያን ሳምንት ብዙ አሰብኩ። ዝም ብል በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ እኔም የማይበላሸውን እየጠገንኩ፣ አንጮቴ እየበላሁ፣ ልጄ እየተባልኩ እከርማለሁ። ግን የኡኬን መንገድ አውቀዋለሁ። ጠጠር ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ በክረምት ደግሞ ጉም ይወርድበታል። ሲመጡ መኪናው እየሄደ ማሽኑን ልስማው ብዬ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ከኋላችን አውቶብስ መጣ። ክላክሱን ነፋ። ኦቦ ዲንሳ የመንገዱን መሐል ይዘው፣ ስለ ዘንድሮው በቆሎ እያወሩኝ ነበር። አውቶብሱ ደጋግሞ፣ ሳያቋርጥ ነፋ። ኩርባው ላይ ትዕግሥቱ አልቆ ሊያልፈን ሲወጣ መስታወታችንን ገጭቶ ወደ ገደሉ ጠርዝ ተንሸራተተና ለጥቂት ተረፈ። በመስኮቶቹ የተሳፋሪዎቹን ፊት አየሁ። አንዲት እናት የልጇን ራስ ደረቷ ውስጥ ቀብራ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ፍሬን ይዘው ቆሙ። ይሄ ከየት መጣ፣ ክላክስ እንኳ አይነፋም ወይ አሉ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደኔ አዞርኳቸው።

«ነፍቷል፣ ኦቦ ዲንሳ። ብዙ ጊዜ ነፍቷል።»

አፌን አዩ። ከዚያ መንገዱን አዩ።

«ዱጋ?» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

«ዱጋ። ማሽኑም ደህና ነው። መጀመሪያ ከጠረግሁት ወዲህ ምንም ሆኖ አያውቅም።»

መልሰው ሲናገሩ ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«አውቄዋለሁ። ከአምና ጀምሮ አውቄዋለሁ። አንተ ባለሙያ ነህ፤ ማሽኑ ነው ስትለኝ አምንህ ነበር። ማሽኑ ነው እንድትለኝ ነበር የምመጣው።»

ከመኪናው ወርደን የተሰበረውን መስታወት ስናነሳ ቆየን፤ ሁለታችንም የሚነሳ ነገር እንደሌለ እናውቃለን። ስንመለስ በዝግታ ነዱ። ሱቁ በር ላይ ሲያወርዱኝ ሌላ ጊዜ የሚሉትን፣ ደህና ሰንብት የሚለውን አላሉኝም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። በሌላው ሳምንት ኤንትሬዋ ዳገቱን ስትወጣ ሰምቼ ወጣሁ፤ መሪው ላይ የነበረው የሚስታቸው ወንድም ነው። ኦቦ ዲንሳ መንዳት ትተዋል አለኝ። ተቀይመዋል ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ አፍሬ ተውኩት።

ነሐሴን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ዝናቡን ብቻ ነው። ጋሽ በድሩ ፊቴን አይተው ወደ አገርህ ልመልስህ ወይ አሉኝ። መስቀል አልፎ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ ሻንጣዬን ከማሰሬ በፊት አንድ ጊዜ ልያቸው ብዬ በኤንትሬዋ ቢላ ወረድኩ።

አዴ በይሴ ከደጅ ተቀብለው ሳሙኝ። ኦቦ ዲንሳ ጓሮ ቡና ውስጥ ነበሩ፤ አሁን ከኋላቸው ቢጠሯቸው አይሰሙም። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው ወሰዱኝና ብርሃን ፊቴ ላይ በሚያርፍበት በኩል አስቀመጡኝ። በአማርኛ ደህንነታቸውን ስጠይቅ እጃቸውን አነሱ።

«አማርኛው ቀድሞ ነው የሄደብኝ። ኦሮምኛን ከእናቴ አፍ ላይ ነው የለመድኩት፤ አፍ ሳይ ይገባኛል። በእሱ ንገረኝ።»

በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኳቸው። ያን መንገድ እንደማልረሳው፣ ጓዳው ጭር እንዳለብኝ፣ ልሄድ እንደሆነ። ከንፈሬን ከፍቼ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ እያስቀመጥኩ። ተቀይመውኝ እንደሆነም ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን የተቀየሙት እኔን እንዳልነበረ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲያወራቸው ሰምቻለሁ እያሉ መዋሸት ስለደከማቸው ከቤት መውጣት እንደተዉ ነገሩኝ። ከሰው መሐል ተቀምጦ አለመስማት ብቻውን ከመሆን ይብሳል አሉ። እኔም ያን አውቀዋለሁ አልኳቸው። አዴ በይሴ ጩምቦ የሚሉትን ወፍራም የጤፍ ቂጣ አቀረቡ፤ ቅቤውና እርጎው እየፈሰሰ በላን።

አዲስ አበባ አልተመለስኩም። ኦቦ ዲንሳ እስኪሞቱ ድረስ በየጊዜው ቢላ እሄድ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ዓይናቸውም ደክሞ እያንዳንዱን ቃል ስናገር መዳፋቸውን በጣቴ ጠቅ ጠቅ አደርግላቸው ነበር። ዛሬ ነቀምቴ ገበያ ላይ ከኔ ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ኦሮምኛህ የየት አገር ነው ይሉኛል። ቀስ ያለ ነው፣ አፍ ሙሉ ነው ይላሉ። ማን እንዳስተማረኝ ብነግራቸው አያውቋቸውም፤ የሚያውቋቸው አብዛኞቹ አፈር ሆነዋል።

እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ልጆቹም በየከተማው ናቸው። ደግ ልጆች ናቸው፣ ይደውላሉ። ይሰማችኋል ወይ እላለሁ፤ ጥርት ብሎ ይሰማናል አባዬ ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን፣ ሆስፒታል ስለ ጆሮዬ የነገሩኝን፣ ለኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።