ጌቴን ይዤ ወደ ድሮው ጤና ጣቢያ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ኮንዶሚኒየም

ከአራተኛ ፎቅ ስንወርድ ሰማዩ ገና እየገረጣ ነበር። አብሮኝ የሚጓዘው ታናሽ ወንድሜ ጌታነህ ነው፤ ቤት ውስጥ ጌቴ እንለዋለን። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ መልስም የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሶ ወደዚህ ከመጣን አምስት ወር ሆነን።

ጌቴ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሰሃኑን ይገፋል፤ ጭንቅላቱን በመዳፉ ይመታል። ጎረቤቱ ሁሉ "ሰፈሩ ናፍቆት ነው" አለ፤ እኔም አመንኩ። አጠገባችን ወዳለው ክሊኒክ ብወስደው "ከአእምሮው ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው" ተባለና የሚያስተኛ ክኒን ታዘዘለት። አሁን ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ራሱን ይመታል። የፊታችን ሰኞ ክኒኑ ይጨመርለታል ተብሏል። ከዚያ በፊት ካርዳችን ያለበት የድሮው ጤና ጣቢያ ይየው ብዬ ነው የተነሳሁት።

1 ሰዓት ተኩል፣ አራት ኪሎ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ተማሪው ስልኩ ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኛው እንቅልፉ ላይ ነው። እኔና ጌቴ ጋቢና ደርሶናል።

"ፋዘር፣ እንዴት ነው?" አለው ሾፌሩ።

ጌቴ ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አለ።

"እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ይብዛልኝ! ሌላው ሲያማርር ገብቶ ሲያማርር ነው የሚወርድ።"

እናታችን ናት ያስተማረችው። እንዴት ነህ ላለው ሁሉ እንዲህ ይመልሳል፤ በትኩሳት እየነደደም ቢሆን። ጨዋ ነው እየተባለ ይመሰገንበታል።

2 ሰዓት፣ ፒያሳ

መንገዱ ሰፍቷል፤ አግዳሚ ወንበር፣ አበባ፣ አዲስ መብራት አለ። በረንዳ የነበራቸው ቤቶች ግን ብዙዎቹ የሉም።

"እትዬ፣ ቤቶቹ የት ሄዱ?"

"ፈረሱ።"

"ኮንዶሚኒየም ገቡ?"

 ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶና ቦምቦሊኖ አዘዝን። ቦምቦሊኖ ካየ እጁን የማይታጠብ ሰው አንዴ ገምጦ አስቀመጠው። ሰፈሩ ናፍቆት ከሆነ እዚህ መብላት ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

3 ሰዓት፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ጤና ጣቢያ

አግዳሚው ላይ ከሃያ ሰው በላይ ተቀምጧል። ተራችን ሲደርስ ያየችን መነጽር ያደረገች ሲስተር ናት።

"አቶ ጌታነህ፣ እንዴት ነዎት?"

ለጌቴ "እርስዎ" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እሱም እንደልማዱ ጎንበስ ብሎ ደህና መሆኑን ተናገረ። እሷ ግን አልጻፈችውም።

"ትናንት ማታ ምን በሉ?"

"ሽሮ ነው፣ እሱንም ትንሽ..." ስል እጇን አነሳች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው ይንገሩኝ።"

 በር ላይ ያሉት ያስላሉ፤ አንዱ "እዚያ ውስጥ ተኙ እንዴ?" ይላል። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች። እኔ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

"ሽሮ" አለ ጌቴ በመጨረሻ። ቀጥሎም ግራ ጉንጩን ነካ። "በዚህ በኩል።"

"በቀኝስ?"

"እሱ ይጮሃል።"

በባትሪ አየችው። የኋላ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሥሩ መግል ይዟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰቃየው ይኸው ነው። የክኒኑን ብልቃጥ አገላብጣ አይታ፣ ሰኞ ለክሊኒኩ የማሳየው ወረቀት ጻፈችልኝ፦ መጨመሩ ቀርቶ ይቋረጥ የሚል።

"እኔም ናፍቆት ነው እያልኩ ነበር" አልኳት። 

5 ሰዓት፣ ጥርስ ክፍል

የጥርስ ሐኪሙ የአራዳ ልጅ ነው። ጌቴ ጓንቱን አይቶ አፉን ገጠመ።

"አይዞህ ጋሼ፣ ይቺ ጥርስ ለልማት ተነሺ ናት። ምትክ ቦታ ግን አንሰጣትም!"

ጌቴ ሳቀ። ሲስቅ አፉ ተከፈተ፤ መርፌውም ገባ።

6 ሰዓት ተኩል፣ የጊዮርጊስ ታክሲ ተራ

ጌቴ ጥጥ ነክሶ ቆሟል። እጁ ከጭንቅላቱ ወርዷል።

"በታክሲ ነው በእግር?" አልኩት። እስከዛሬ እንዲህ ጠይቄው ራሴ መልሼ ነበር የምገባው። አሁን ቆምኩ። አንድ ታክሲ ሞልቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሄደ።

"ማዘር፣ ትገባላችሁ ወይስ ታስባላችሁ?" አለ ተራ አስከባሪው።

"እሱ እያሰበ ነው" አልኩት።

ጌቴ ታክሲውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ዘረጋ። እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ሄድን። ጉልበቴ አልወደደውም፤ ጉልበቴን ግን የጠየቀው አልነበረም።