ለጾመኛ ብቻ የቆመው ዚር

ወዳጆቼ ሆይ፣ በጎ ሥራ ከቅድስናው ብዛት የተነሣ የተጠማን ውኃ ሲከለክል ዛሬ ቀትር ላይ በዚህ በመተማ ዮሐንስ በዓይኔ አየሁ።

ጣልያን ቤታቸውን አቃጥሎባቸው ወደ ገላባት የሚሻገሩትን ስደተኞች እናጠጣ ብለን፣ ሱዳኖች ዚር የሚሉትን ትልቅ የውኃ ጋን ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ አቆምን፤ አሳቡን ያመነጨሁትም፣ እግዚአብሔር ኩራቴን ይቅር ይበለኝና፣ እኔ ነበርሁ።

ቄሰ ገበዛችን ግን ያልተባረከ ውኃ ማቅረብ ነውር መስሏቸው፣ ጸሎት አድርሰው በመስቀላቸው ባረኩት፤ ውኃውም ጠበል ሆኖ ዐረፈው!

ከሳንጃ በእግሯ የመጣች፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ ሴት ጣሳውን ስታነሣ፣ «ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?» አሏት ቄሰ ገበዙ።

«መንገድ ላይ ጭብጥ ቆሎ ቆርጥሜአለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ ነገ በባዶ ሆድሽ ትመጫለሽ።»

እስከ ነገ በሕይወት መቆየቷን የጠየቀ አልነበረም፤ ከዚሩ ሥር ተዝለፈለፈች።

ይህን ጊዜ ከማዶ ሰሊጥ የሚነግዱት ሐጂ ከሱቃቸው ደጅ ካለው ዚር ቀድተው እየሮጡ መጡ፤ ስለ ቆሎውም አንዳች ሳይጠይቁ አጠጧት።

እርሷ ነፍስ ዘርታ ስትቀመጥ፣ የቄሰ ገበዙ ዓይን ከጣሳው አልነቀል አለ።

«ምነው አባ፣ ከራስዎ ዚር አይጠጡምን?» አሏቸው ሐጂ።

«ቁርስ በልቻለሁ እኮ!»

ሐጂም እየሳቁ ሞሉላቸው፤ አባም ጨለጡት።

በእናንተስ ደብር ምጽዋት እንዲህ ተቀድሶ ተቀባይ አጥቶ ያውቃልን? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ እኛ የደብሩ ሽማግሌዎች ግን ነገ በባዶ ሆዳችን ተሰብስበን ጠበሉን ጠጥተን እንጨርሳለን፣ ለተጠማ የሚሆን ተራ ውኃ ይሞላበት ዘንድ።