ያልወጣው የዳግም አርባ

ነገሩ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። በቅርቡ እናቴ ባትሞት ኖሮ ለማንም አልናገረውም ነበር።

ያደግኩት ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ባለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ፍልስፍና ሲደርሰኝ እናቴ አለቀሰች። ሰፈሩ ደግሞ «ፍልስፍና የሚማር ወይ ያብዳል ወይ ይክዳል» እያለ ቀለደብኝ። እኔ ግን በዓመቴ አፌን የሚዘጋው ጠፋ። ከታክሲ ረዳት ጋር ሳይቀር እከራከር ነበር። በቃ፣ መርታት ደስ ይለኛል።

ያን ጊዜ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ አንድ ልጅ፣ ዳግም፣ ባምቢስ አካባቢ መኪና ገጨውና ሞተ። አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ነኝ ኳስ ያስተማርኩት።

በማግስቱ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር ካርታ ስንጫወት አንዱ «እስቲ ፈላስፋው፣ ነፍስ የሚባል ነገር አለ?» ብሎ ነካካኝ። ለጨዋታ ነበር። እኔ ግን ካርታዬን አስቀምጬ ማስተማር ጀመርኩ።

«ሻማ ሲጠፋ እሳቱ የት ሄደ ትላለህ?»

«የትም።»

«ዳግምም እንደዚያው ነው። የትም አልሄደም። የለም፣ በቃ።»

ልጆቹ ካርታቸውን ጥለው አቀረቀሩ። የረታሁ መሰለኝ። ዞር ስል እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዬ ቆመዋል። ወደ ቤት ተመለሱ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ግቢው ቧንቧ ጋ ጠበቁኝ።

«ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ ይዋሻል። አንተ የተማርክ ነህ፣ አትዋሸኝም። ያልከው እውነትህን ነው?»

«ኧረ ጉራዬን ስነዛ ነው እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ!» ማለት ነበረብኝ። እውነቱም እሱ ነበር። እኔ ከንቱ ግን፣ አስተማሪ የጠየቀኝ ይመስል ደረቴን ነፋ አድርጌ «እንግዲህ፣ ነፍስ አለ የሚል ሰው ማስረጃ ማምጣት አለበት» አልኳቸው። ጀሪካናቸው ሞልቶ ሲፈስ አላዩትም።

አርባው ደረሰ። የእድር ሴቶች ድፎውን ሊያቦኩ ሲመጡ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። የንስሐ አባታቸው ስለ ፍትሃቱ ሊነጋገሩ ቢመጡ «ይቅርብዎ አባ፣ ልጄ የትም አልሄደም» አሏቸው።

ሰፈሩ ተነሳባቸው። «የልጇን አርባ ያስቀረች፣ ምን ዓይነት ድንጋይ ናት!» ተባሉ። እናቴ ሳትቀር ሰላምታ ነፈገቻቸው። እትዬ ዘነቡ ግን ነገሩን ከማን እንደሰሙት አንድም ቀን አልተነፈሱም። እኔም ዝም። ዝም ብቻ ቢሆን ምን ነበር! ታሪኩን ለአንድ ኮርስ ጽሑፍ አደረግኩት፤ «ከልማድ የተላቀቀች እናት» ብዬ ክፍል ፊት አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ፣ ኤ አገኘሁ።

በኋላ ግቢያችን ፈረሰና ሁላችንም ተበታተንን።

እናቴ ስትሞት ያ ሁሉ ክርክር ከየት መጥቶ! እንደ ሕፃን «የት ሄድሽ?» እያልኩ አለቀስኩ። ካህናቱንም ሮጬ የጠራሁት እኔው ነኝ። በሠልስቱ እትዬ ዘነቡ በዱላ እየተደገፉ መጡ። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናህ» ይለኛል። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሻማ ሲጠፋ እሳቱ የት ሄደ አይባልም።»

የወጉኝ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። አልነበረም። ከልባቸው ሊያጽናኑኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያቺን ቃሌን ይዘው ኖረዋል። ቂም ቢይዙብኝ ይሻለኝ ነበር።

የእናቴን አርባ አንድም ነገር ሳይጎድል አወጣሁ። እትዬ ዘነቡም መጥተው፣ ድፎውን ቀምሰው መረቁኝ። የዳግምን የክርስትና ስም ጠይቄ ፍትሃት ላስደርግለት አስቤ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ታክሲው እስኪሞላ አጠገባቸው ቆምኩ። አፌ እምቢ አለኝ።